«እሱ ይነግረኛል፣ እኔ እንቅልፍ አጣለሁ»

የምክር ዓምድ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ27 ዓመት ሴት ነኝ፤ ድሬዳዋ ሳቢያን ተወልጄ ያደግሁ፣ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ። እጮኛዬ ሦስት ዓመት ሰሜን ግንባር ቆይቶ፣ ግራ እጁን ፍንጣሪ መትቶት፣ በቦርድ ተሰናብቶ ከመጣ ሰባት ወር ሆነው። አሁን ባጃጅ ይነዳል።

ግንባር እያለ ኔትወርክ ወዳለበት በወጡ ቁጥር በቴሌግራም ድምፅ ይልክልኝ ነበር። 63 አሉኝ። የመጀመሪያው «ድሬ እንዴት ናት? ሞቃለች?» የሚል ነው። እያደር ግን ስለ ምሽጉ፣ አጠገቡ ስለሞቱት ልጆች ይነግረኝ ጀመር። አሁን ቀን ቀን ምንም አይልም። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ጫት እየቃመ በርጫ ይቀመጣል፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ይደውልና እስከ ሌሊቱ ስምንት ስለ ጦርነቱ ያወራኛል። እኔ ደግሞ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ መነሳት አለብኝ።

አንድ ሌሊት ደክሞኝ «ተመስገን፣ አለፈ እኮ፣ ርሳው» ብለው ሁለት ሳምንት ዘጋኝ። ሌላ ጊዜ ከነገረኝ አንዱን ለእህቴ አጫወትኳት፤ እሷ ለባሏ፣ ባሏ ለበርጫ ጓደኞቹ፣ ዞሮ ዞሮ እሱ ጆሮ ደረሰ። «ሰው መስለሽኝ ነበር» አለኝ። ያቺ ቃል እስካሁን ታመኛለች።

የባሰው ግን ያለፈው ወር ነው። እሁድ እኛ ቤት ምሳ በልቶ እንደ ድሬ ወግ ጋደም አለ። እናቴ ቡና ደርሷል ብላ ትከሻውን ነካ ብታደርገው ዘሎ ተነስቶ እጇን ጠመዘዛት። ማን እንደሆነች ሲያይ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አንጓዋ አሥር ቀን አብጦ ነበር። አሁን «ጸበል ይግባ፣ አለዚያ በጥር የታሰበው ሰርግ ይቅር» ትላለች። በዚህ ሙቀት ማራገቢያ እንኳን ማስከፈት ትቷል፤ ድምፁ ድሮን ይመስለኛል ይላል። እወደዋለሁ። ነገር ግን እኔም እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ሌሊት ድምፆቹን መልሼ እየከፈትኩ እሰማለሁ። ላጥፋቸው? ማዳመጡን ልቀጥል? ላግባውስ?

ሰ. ነኝ፣ ከሳቢያን

* * *

እህቴ ሰ.፣

ከእናትሽ አንጓ እንጀምር። ሰርጉን ያናጋው እሱ ነው፤ ደግነቱ ከጻፍሽልን ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ መላ ሊበጅለት የሚችለውም እሱ ነው።

ምሽግ ውስጥ የተኛን ሰው ትከሻውን የሚነካው ወይ የጥበቃ ተራው ደርሶ ነው፣ ወይ ጠላት ገብቶ ነው። ሦስት ዓመት እንዲያ ያደረ ሰውነት አእምሮ እስኪነቃ አይጠብቅም። እጅ ይቀድማል፤ ዓይን የሰውየውን ማንነት የሚለየው ቆየት ብሎ ነው። ስለዚህ እሱን ስትቀሰቅሱ ትከሻውን፣ ደረቱን፣ ፊቱን አትንኩ። መጀመሪያ መጋረጃውን ገለጥ አድርጉ ወይም መብራት አብሩ። ከእግሩ በኩል፣ እጁ ከማይደርስበት፣ ሁለት ሜትር ያህል ርቃችሁ ቁሙ። በተለመደው የንግግር ድምፅ ስሙን ጥሩና «ድሬ ነህ፣ ሳቢያን ነህ፣ እሁድ ነው፣ ቡና ደርሷል» በሉት። መልስ ካልሰጠ ጥቂት ቆይታችሁ ያንኑ ድገሙት። ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ይጮሁበታል፣ ወይም ውሃ ይረጩበታል። ጩኸትና ድንገተኛ ቅዝቃዜ ደግሞ ሰውነቱ የጠረጠረውን አደጋ እውነት ያደርጉለታል። የሚተኛበትንም ቦታ አይተሽ አስተካክይው፤ ጀርባው ወደ ግድግዳ፣ ፊቱ በሩን ወደሚያይበት ቢሆን ይመረጣል።

ይህን የምንልሽ እናትሽ በከንቱ ፈራች ለማለት አይደለም። ያበጠው የእሷ እጅ ነው። እሱ ራሱ፣ ከፈለገ አንድ ሽማግሌ ይዞ፣ ይቅርታ ይጠይቃት። የጦርነቱን ታሪክ መተረክ አይጠበቅበትም፤ «ተኝቼ ስነካ እንዲህ እሆናለሁ፣ እንዳይደገም ይህን ይህን አድርጉልኝ» ማለቱ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን እንጠይቅሽ፣ ለራስሽ ብቻ መልሺው። ነቅቶ ሳለ፣ ዓይንሽን እያየ፣ እጁን አንስቶብሽ ወይም አስፈራርቶሽ ያውቃል? ቤቱ ውስጥ መሣሪያ አለ? የመጀመሪያው መልስ «አዎ» ከሆነ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ተይውና ወደማይደርስብሽ ቦታ ሂጂ፤ በእንቅልፍ መሃል መደንገጥና ነቅቶ መምታት አንድ አይደሉም። መሣሪያ ካለ ደግሞ ጉዳዩ እስኪረጋጋ ከቤት ይውጣ።

የነገርሽን ምልክቶች ሐኪሞች የሚያውቁት ነገር ነው፤ ፒቲኤስዲ ይሉታል፤ አሰቃቂ ነገር ካለፈ በኋላ የሚቀር የአእምሮ ጉዳት ማለት ነው። ቅዠትና ያለፈውን እንደ አሁን ማየት፣ የሚያስታውሱትን ነገሮች መሸሽ፣ ከሰው መራቅና ደስታ ማጣት፣ በትንሹ መደንገጥ፤ እነዚህ ከአንድ ወር በላይ ቆይተው ኑሮን ሲያውኩ ሐኪም ይፈልጋሉ። የእሱ ሰባት ወር ሆኖታል። እርግጠኛውን የሚናገረው ግን የመረመረው ሐኪም ነው፤ እኛም አንቺም ከሩቅ ሆነን ስም ባንለጥፍበት ይሻላል።

አሁን ወደ ሌሊቱ ስልክ እንምጣ፤ እሱን ለመረዳት ደግሞ ጫቱን መረዳት ያስፈልጋል። ድሬዳዋ ውስጥ «ጫት ተው» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፣ የሚሰማ ግን የለም። ስለዚህ ስለ ሰዓቱ እናውራ። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ዋናው ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ከአወዳይ የሚመጣው ጫት እርጥብ እንዳለ ተሸፍኖ መኪናው የሚበረውም ለዚሁ ነው። ካቲኖን ልብን ያስመታል፣ ምላስን ይፈታል፣ እንቅልፍን ያርቃል። ከዘጠኝ ሰዓት የጀመረ ሰው ምሽት ላይ ምርቃናው ሲወርድበት ድብርት ይጫነዋል። ስልኩን የሚያነሳው ያኔ ነው። ከዚያ እስከ ስምንት ሰዓት የሚነግርሽን ሁሉ የሚያወራው ልቡ እየመታና ጨለማ ውስጥ ብቻውን ሆኖ ነው። የተከፈተው ትዝታ ሳይዘጋ ይነጋል፤ በማግስቱም ያው ይደገማል። ማውራቱ ያላቀለለው ለዚህ ነው እንጂ አንቺ በደንብ ስላልሰማሽው አይደለም።

ለመተኛት ብሎ ጨብሲ የሚሉት መጠጥ ካለበት ደግሞ ይብሳል። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፣ ግን የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይበጣጥሰዋል፤ ሕልም የሚበዛው ደግሞ ያኔ ነው።

በአንዴ ያቁም አንልም። ጫት በድንገት ያቆመ ሰው ዱካክ፣ ማለትም ጫት ሲተው የሚመጣው ቅዠት፣ እንደሚጫወትበት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ዱካኩ ከጦርነቱ ቅዠት ጋር ሲገናኝ «ስተወው ባሰብኝ» ብሎ ወደ እጥፉ ይመለሳል። የመጀመሪያውን ሳምንት መጠኑን ሳይነካ ሰዓቱን ብቻ ያስቀድም፤ ሰባት ሰዓት ላይ ጀምሮ አስር ሰዓት ላይ ይጨርስ። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሳምንቱ ከእስሩ ሩቡን ይቀንስ። እራቱን ሳይዘል ይብላ፣ ውሃ ይጠጣ። ቅዠቱ ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላም ካልቀነሰ የዱካክ ብቻ አለመሆኑን ታውቃላችሁ፤ ይህንኑ ለሐኪሙ ንገሩት።

ማዳመጡን ቀጥዪ፤ ሰዓቱንና ቦታውን ግን ቀይሪ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ስለ ግንባር ወሬ አይኑር። ይህን ሌሊት በመሃል አትንገሪው፤ ቀን፣ ባጃጁን አቁሞ ሳለ ንገሪው። በራስሽ ቃል ሆኖ እንዲህ የመሰለ ነገር፦ «ልሰማህ እፈልጋለሁ። ሌሊት ግን ግማሹን እያንቀላፋሁ ነው የምሰማህ፣ ይህ ደግሞ በእንቅልፍ ልብ የሚሰማ ነገር አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሙሉ ልቤን ይዤ እጠብቅሃለሁ።» ከዚያ ቅዳሜ ላይ በእውነት ተገኚ። አንድ ጊዜ ብትቀሪ «አባረረችኝ» ብሎ ይተረጉመዋል።

የቡናውን ሥርዓት እንደ ሰዓት ተጠቀሚበት። አቦሉ ላይ የተራ ወሬ ይሁን፤ የነዳጅ ሰልፍ፣ የተማሪዎችሽ ነገር። ቶናው ላይ እሱ ይናገር። በረካው ላይ አዲስ ነገር አይከፈት፤ የተጀመረው ቀስ ብሎ ይዘጋ። ሁሉም ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ቆሎ መልቀምም ሆነ ሲኒ ማጠብ፣ እጁ ላይ ሥራ ይኑረው፤ ፊት ለፊት ከምትፋጠጡ ጎን ለጎን መቀመጡም ምላስን ያቀላል። ቡናው ሲቆላ የሚወጣው ጭስና የሚያረው ሽታ ይረብሸው እንደሆነም አስቀድመሽ ጠይቂው። ብዙ ጊዜ ከድምፅ ይልቅ ሽታ ነው ሰውን ሳያስጠነቅቅ ወደ ኋላ የሚወስደው። ከረበሸው የተቆላ አምጪ፤ ቡናው አይቀየምም።

«ርሳው» ስትይው ለምን እንደዘጋሽ ገምተሻል? አንቺ ጦርነቱን ማለትሽ ነው። እሱ የሰማው ግን «አጠገብህ የወደቀውን ልጅ ርሳው» የሚል ነው። «ተመስገን»ም እንዲሁ፤ እሱ ተርፎ ሌላው ባልተረፈበት ቦታ «ተመስገን» ዕዳ ሆና ትሰማለች። ባዶውን በምክር ለመሙላት አትሩጪ። «እየሰማሁህ ነው»፣ «ከዚያስ?»፣ «ከባድ ነው» ይበቃሉ። «ስንት ገደልክ?» እና «ለምን እንዲህ አላደረግህም?» የሚሉትን ጨርሰሽ ተያቸው። ስለሞተው ልጅ አሟሟት ሳይሆን ስለ ኑሮው ጠይቂው፤ ምን ያስቀው ነበር፣ ከየት ሀገር ነው፣ ሻይ እንዴት ይወድ ነበር። የሞቱትን እንደ ሬሳ ብቻ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት በጥቂት እንደ ሰው ማስታወስ ይጀምራል።

ሲናገር ዓይኑ አንድ ቦታ ከተተከለ፣ ትንፋሹ ካጠረ፣ «መጡ እኮ» ብሎ እንደ አሁን ማውራት ከጀመረ፣ ታሪኩን እዚያው አቁሚ። «እግርህን ሲሚንቶው ላይ አድርግ፣ ይቀዘቅዛል? እዚህ ቤት የምታያቸውን አምስት ነገሮች ቁጠርልኝ» በይው። ሎሚ ቁረጪና አጠገቡ አስቀምጪ፤ አንስቶ ያሽትተው፣ ይላሰው። ኃይለኛና ንጹሕ ሽታ ከሩቅ ቦታ ይመልሳል። (ሎሚ በጥምቀት ለፍቅር ይወረወራል፤ እዚህ ግን አትወርውሪው፣ በእጁ ይቀበል።) ሲረጋጋ አራት እየቆጠረ ወደ ውስጥ፣ ስድስት እየቆጠረ ወደ ውጭ፣ አምስት ደቂቃ ይተንፍስ። የሚያረጋጋው ረጅሙ የወደ ውጭ ትንፋሽ ነው።

የአንቺም ገደብ ይኑር። «የሆነውን ዝርዝር ለሐኪሙ ንገረው፣ ለእኔ የተሰማህን ንገረኝ» ማለት ትችያለሽ፤ ክህደት አይደለም። ለእህትሽ ያወራሽውን በተመለከተ ደግሞ ይቅርታሽ አጭር ይሁን፦ «ያንተ ነበር፣ ሳልጠይቅህ ሰጠሁት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።» ከዚያ በኋላ «ግን» አትጨምሪ። አንቺም ግን የምትተነፍሺበት ሰው ያስፈልግሻል፤ ከሰፈሩ ወጣ ያለ፣ ወሬ የማያደርስ አንድ ሰው ምረጪ። ለእሱ ወይም ለእሷ እሱ ያየውን ሳይሆን አንቺ እንዴት እንዳለሽ ብቻ ንገሪ። ልዩነቱ ይገባሻል ብለን እናምናለን።

ማራገቢያው የተለየ መላ አለው። ሰው ድንገት ሲከፍትበት ይደነግጣል፤ ማብሪያ ማጥፊያው በእሱ እጅ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ቀን፣ በሩ ተከፍቶ፣ ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ ራሱ ያብራው፣ ክንፉ ሲዞር እያየ አሥር ደቂቃ ይቀመጥ። ድሮን አይታይም፣ ይሰማል እንጂ፤ ማራገቢያውን እያየ መስማቱ ነው ሁለቱን የሚለያቸው። በየሁለት ሦስት ቀኑ ደቂቃውን ይጨምር። ካስጨነቀው በግድ አይሁን። ሌሎቹን ከባድ ትዝታዎች ግን በዚህ መንገድ ቤት ውስጥ አትሞክሯቸው፤ እሱ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው።

ሕክምናውን ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል ካርድ አውጥቶ የአእምሮ ሕክምና ብሎ መጠየቅ ይችላል። «ሰው ያየኛል» ካለ ሐረር ሕይወት ፋና አለ፤ በሚኒባስ ደርሶ መመለስ ነው። ከመሄዱ በፊት የአንድ ሳምንት ማስታወሻ ይያዝ፤ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ስንት ጊዜ ቃዠ፣ ምን ያህል ጫት ቃመ፣ ጠጣ ወይስ አልጠጣም። አንድ ነገር ደግሞ እንዳይረሳ፤ ፍንዳታ አጠገቡ ደርሶ ራሱን ስቶ ያውቃል? ጆሮው ይጮሃል፣ ራሱን ያመዋል? ይህ ከጭንቀቱ ሌላ የጭንቅላት ጉዳት ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ መስማት አለበት።

ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር የሚደረገው የንግግር ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ሆኖ ከ8 እስከ 15 ቀጠሮ ይወስዳል። መድኃኒት ከታዘዘለት ሰርትራሊን ወይም መሰሉ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማቅለሽለሽ አለው፤ ጥቅሙ የሚታወቀው ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ የሚጥለው በሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው። በድንገትም አይቋረጥም። ጫት እንደሚቅም ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር። ከመድኃኒት ቤት በትውውቅ ዳያዜፓም ገዝቶ መተኛትን ግን አትፍቀዱለት፤ ሱስ ያስይዛል፣ ለዚህ ሕመምም አይመከርም። እናትሽ የምትለው ጸበልም ይሁን፣ እሱ ከፈቀደ ችግር የለውም፤ መድኃኒቱን ካላስቆመው ሁለቱ አይጣሉም።

አንድ ቀን «እኔም እዚያው በቀረሁ» ወይም የመሰለ ነገር ካለ እንዳልሰማሽ አትለፊው። «ራስህን ለመግደል አስበህ ታውቃለህ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂው። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። «አዎ» ካለ በዚያ ሌሊት ብቻውን አይደር፤ ገመዱም መርዙም መሣሪያውም ከአጠገቡ ይራቅ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

«ላግባውስ?» ብለሻል፤ የጥር ወሩን ሰርግ ግን እኛ አንቆርጥልሽም። እንድታዪው የምንፈልገው በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ምን እንደሚያደርግ ነው፤ ይድን አይድን እንደሆነ አይደለም። የመጀመሪያውን ቀጠሮ ይሄዳል? የጫቱን ሰዓት ያስቀድማል? እናትሽን ይቅርታ ይጠይቃል? የሌሊቱን ስልክ ሲከለከል ያከብራል? እነዚህን ከጀመረ፣ ቅዠቱ ባይጠፋም፣ አብሮ መኖር የሚቻል ሰው ነው። ካልጀመረ ቀኑን ወደ ፋሲካ ማግስት መግፋት ነውር የለበትም፤ ድግሱ ይጠብቃል። ሰርጉ ጥር ላይ ከሆነም ሚዜዎቹ ርችትና ተኩስ የሚባል እንዳያመጡ ከወዲሁ አንድ ሰው ኃላፊ አድርጊ፤ «ትንሽ ብቻ» የሚል አጎት አይጠፋምና።

ድምፆቹ ቀሩን። አታጥፊያቸው፤ ሳይጠየቅ የሚጠፋ የእሱ ነገር ነው። ወደ ሚሞሪ ካርድ ገልብጠሽ ከስልክሽ አውጪያቸው፣ ካርዱን ፖስታ ውስጥ አሽገሽ ለእሱ ንገሪው፤ «አሉ፣ ማንም አልሰማቸውም፣ ስትፈልግ ያንተ ናቸው» በይው። ሌሊት መስማቱን ግን ዛሬ አቁሚ። እሱ ግንባር ሆኖ የጠየቀሽን እስቲ አስቢው፤ ስለ ድሬ ነበር። ከሰባት ወር ወዲህ ስለ ትምህርት ቤትሽ፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ራስሽ የነገርሽው ቀን አለ? ያንን የመጀመሪያውን፣ «ሞቃለች?» የሚለውን፣ ከ62ቱ ለይተሽ ስልክሽ ላይ ተይው። ቅዳሜ አቦሉ ሲቀዳ መልሺለት።